የተዘቀዘቀ ነጠላ

ትናንት ሌሊት ትርሲት ሕልም አየች። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። የዚህኛው ፈቺዎች ግን ማንም ሳይጠራቸው በራሳቸው እግር ነው የመጡት፤ እሱን ጊዜው ሲደርስ እንሰማዋለን።

ትርሲት «ሰተት» የሚባለው የቴክኖሎጂ ድርጅት የማርኬቲንግ ኃላፊ ናት። ሰተት ቧንቧ ሠሪውን፣ ኤሌክትሪክ ሠሪውን፣ ቁልፍ ለጠፋበት ሰው በር የሚከፍተውን፣ ሁሉንም በስልክ ጠርቶ ቤት ድረስ የሚያመጣ አፕሊኬሽን ነው። እሷ ሥራ የጀመረችው ግን አፕሊኬሽን የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን፣ መኪና ጣሪያ ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ የሎተሪ ዕጣ የሚወጣበትን ቀን እየለፈፈች ነበር። ከዚያ የሬዲዮ ማስታወቂያ አንባቢ ሆነች። ከዚያ መንገድ ዳር የሚተከለውን ቢልቦርድ ሸጠች። ቢልቦርዱን ስልክ ሲበላው ደግሞ ልጅ ሊሆኗት ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጣ አዲሱን ማርኬቲንግ ተማረች። ዘመን በተለወጠ ቁጥር «እኔንስ ማን ይዞኝ?» እያለች አብራ ተለወጠች።

ድርጅቱ «አንደበት» የሚባል፣ ማስታወቂያ በራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ያስገባ ጊዜም ሌላው ሲያጉረመርም እሷ ናት ቁጭ ብላ ያስተማረችው። ሙሽራ ቤት ምን እንደሚባል፣ አራስ ቤት ምን ተብሎ እንደሚገባ፣ ሐዘንተኛ ፊት ምን እንደማይባል አንድ በአንድ ነገረችው። ማሽን ነው ብላ አልሰሰተችም፤ የምታውቀውን ሁሉ ሰጠችው።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ አስኪያጁ ከናሆም ጋር ቀጠሮ ነበራት። ክፍሏ ከአንደበት ጋር እንዴት እንደሚሠራና እሷም ከእንግዲህ በምን ዓይነት መንገድ እንደምትመራው ዕቅድ አውጥታለች። ዕቅዱ ካለፈ ኃላፊነቷ ይቀጥላል፤ ካላለፈ በዚህ ዕድሜ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። እሱን እንኳ ትችለው ነበር። ያስጨነቃት አሰላ ያሉት እናቷ ናቸው። ከእሳቸው በቀር የቅርብ ሰው የላትም። እማማ ዘነበች ደግሞ «ልጄ ኃላፊ ናት» ሳይሉ ገበያ ወጥተው አያውቁም፤ የታመመ ሲጠይቁ እንኳ ከ«እግዜር ይማርሽ» ቀጥሎ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ለእሳቸው «ከሥራዬ ተነሣሁ» ብሎ መንገር ከመነሣቱ ይብስ ነበር። ዕቅዷን ለጣሪያው እያስረዳች ሳለ እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ነግቷል። ለባብሳ ታክሲ ተራው ጋ ደረሰች። የሚጮኸው ረዳቱ ሳይሆን ተሳፋሪው ነው። ረዳቱ ጋቢና ተዘርፍጦ ጥፍሩን ይቆርጣል፤ ተሳፋሪው ተሰልፎ ይለፍፋል።

«መልስ የማይጠይቅ ተሳፋሪ! መልስ የማይጠይቅ!» ይላል አንዱ ከረባት ያሰረ።

«መስኮት ክፈቱ የማትል! ጉንፋን የሌለባት!» ትላለች ከኋላው ያለችው።

መለፈፍ የትርሲት የራሷ ሙያ ነውና አላፈረችም። ጉሮሮዋን ጠረገችና «ሃያ ዓመት በታክሲ የተመላለሰች! ወራጅ አለ ማለት የማትረሳ!» አለች።

ረዳቱ ቀና ብሎ አያት። «ሃያ ዓመት?»

«ሃያ ዓመት!»

«ይቅርታ እህቴ፣ እኛ የምንፈልገው ተሳፍሮ የማያውቅ ነው። ልምድ ያለው ሰው የት እንደሚወርድ ያውቃል፤ ያስቸግረናል።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ለመሆኑ ቁርስ በልተሻል?» አላት።

«የእኔ ቁርስ አንተን ምን አገባህ?»

ረዳቱ ዓይኑን ሰበረ። ያን ጊዜ ነው ነጠላ መልበሱን ያየችው፤ ያውም ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቆ፣ ሰው እንደሞተበት። ዞር ስትል ተሰላፊው ሁሉ አዘቅዝቋል። ግራ ገባትና እዚህ አገር ሁሉም ነገር ተገልብጧል፣ ነጠላው ብቻ ለምን ይቅር ብላ ተወችው። ታክሲው ባዶውን ሄደ። ተሰላፊዎቹም «እንዴት ያለ ጥሩ ታክሲ መሰላችሁ» እየተባባሉ በእጃቸው ሸኙት።

በእግሯ ሄደች። መገናኛ ስትደርስ ቢልቦርዶቹ አስፋልቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራሸራሉ፤ ሰዎቹ ደግሞ ምሰሶ ምሰሶው ላይ ወጥተው ቆመዋል። አንደኛው ምሰሶ ላይ የሰፈሯን ዕድር ዳኛ አቶ ፋንታሁንን አየቻቸው። ፀጉራቸው እንደ ቀለም ጠቁሯል።

«ጋሽ ፋንታሁን! ምን ሆነው ነው እዚያ ላይ የወጡት?»

«እየተዋወቅሁ ነዋ ልጄ! አንድ የልብስ ሳሙና ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ አየት አድርጎኝ አልፏል። ከወደደኝ ይገዛኛል።»

«ሳሙና ሰው ይገዛል እንዴ?»

«እስከ ዛሬ እኛ ስንገዛው ማን ምን አለን?»

ይህን እያሉ ሳሙናው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እየተንጎራደደ መጣ። ሚስቲቱ አንገቷን ቀና አድርጋ አቶ ፋንታሁንን ከላይ እስከ ታች መረመረቻቸው። «ይኼማ ባለፈው ዓመት የነበረው ነው። ማሸጊያውን ቀይረው ነው እንጂ ውስጡ ያው ነው» አለችና ቤተሰቡን ይዛ አለፈች።

አቶ ፋንታሁን አንገታቸውን ደፉ። «ጥርስ አስተከልኩ፤ ፀጉሬን አስቀባሁ፤ አዲሱ ፋንታሁን ተብዬ ወጣሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ትርሲት ሳታስበው እጇን ወደ ራሷ ፀጉር ሰደደች። ለዛሬው ቀጠሮ ብላ ቅዳሜ ዕለት ነበር የተቀባችው። 

«ተዪው እኔን» አሏት ሰውዬው ከላይ ሆነው። «አንቺ ቁርስ በልተሻል? ዛሬስ ሰው አብሮሽ ያድራል?»

«ለምን አብሮኝ ያድራል? ምን ተፈጠረ ጋሼ?»

«ምንም፣ ምንም። ብቻ አንድ ነገር ቅመሺ።» የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ሳቡት።

ቢሮዋ ደረሰች። ቢሮው ግን የሰው ሳሎን ሆኗል። ሶፋው ላይ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ደንበኛ ተቀምጠዋል፤ ትርሲት የምታውቃቸው ሁልጊዜ ደውለው በመሳደብ ነው። ሥራ አስኪያጁ ናሆም ከቦርዱ አባላት ጋር በሩ ሥር ቆሟል። ሁሉም ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። የወይዘሮ ደብሪቱ ስልክ ከመጋረጃ ጀርባ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ቁጭ በሉ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለ ናሆም። «ልጃችን ሰተት ለአቅመ ማውረድ ደርሷል። ለስልክዎ እንዲሰጡልን በእግዚአብሔር ስም እንለምናለን።»

«ጠባዩ እንዴት ነው?»

«ጨዋ ነው። ባትሪ አይጨርስም።»

«አጥንቱስ? እስቲ ሰባት ቤት ቁጠሩ!»

ናሆም ላብ አጠመቀው። «የአሁኑ ሰተት ስሪት ሰባት፣ የስሪት ስድስት ልጅ ነው። ስሪት ስድስት የስሪት አምስት። ስሪት አምስት የስሪት አራት። ስሪት አራት የ… የ…» ወደ ቦርዱ ዞረ። ቦርዱ ባርኔጣውን አየ። በዚያ ቤት ከአራት ወደ ኋላ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

ትርሲት ግን ታስታውሳለች። ከአንድ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ለሕዝብ ያስተዋወቀችው እሷ ናት። ዛሬ ነው እንግዲህ የምታወቀው ብላ ደረቷን ነፋች። «ስሪት አራት የስሪት ሦስት ልጅ ነው! ስሪት ሦስት የስሪት ሁለት! ስሪት ሁለት ደግሞ የስሪት አንድ፣ ያ ብርቱካናማው፣ ሲከፈት የሚዘፍነው!»

 ወይዘሮ ደብሪቱ ተነሡ። «የሚዘፍነው? እሱማ እዚህ ስልክ ውስጥ አብሮን ኖሯል! ዘመድ ናቸው! ዘመድ ከዘመድ ልታጋቡ!» እልልታ ሊያሰሙ የተዘጋጁት ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ስልኩ ከመጋረጃው ጀርባ ማልቀስ ጀመረ።

ናሆም ወደ ትርሲት ዞረ። በቁጣ አልነበረም፤ በጣም አዝኖ ነው። «ባታስታውሺ ምን ነበረበት?» አላት።

 ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሳሎኑ አዳራሽ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች ሰው ላይ ተቀምጠው ይሰበሰባሉ። የቦርዱ ሰብሳቢ በአራት እግራቸው እየዳሁ እየሳቁ ገቡ።

«እድገት አገኘሁ!» አሉ። «ተላላኪ ሆንኩ!»

ጭብጨባው ደራ። «እኔስ?» አለች ትርሲት።

«አንቺ ገና ኃላፊ ነሽ» አላት ጀርባዋ ላይ ወጥቶ የተቀመጠ ወንበር። «እንዲህ በአንድ ጊዜ ዝቅ የሚባል መስሎሽ ነው? ልፊ እንጂ!»

ከአዳራሹ ጫፍ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ማንም ሳይነግራት አንደበት መሆናቸውን አወቀች። ሽማግሌው አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ድምፅ የእሷ ነው፤ የወጣትነቷ፣ የዚያ የድምፅ ማጉያው።

«ልጄ» አሏት በገዛ ድምፅዋ፤ «ለዚህ ቦታ የሚፈተነው በሚያውቀው ነው። ምን ምን ታውቂያለሽ?»

«የሬዲዮ ማስታወቂያ ማንበብ አውቃለሁ» አለች። ይህን እንዳለች ማንበብ ጠፋባት፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሁሉ የዝንብ እግር ሆነባት።

«ሌላስ?»

«ቢልቦርድ የት ቢተከል እንደሚታይ አውቃለሁ።» ወዲያው መንገዱ ሁሉ ከጭንቅላቷ ወጣ። ቤቷ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ተሰወረባት።

«ሌላስ?»

ፈራች። የቀራት አንድ ነገር ነው። «የሰው ወግ አውቃለሁ» ልትል ስትል አፏን በእጇ ከደነችው። «እሱን ግን አልሰጥዎትም!» አለች በጣቶቿ መሐል።

ሽማግሌው በርኅራኄ አዩዋት። «እሱንማ ቀድመሽ ሰጥተሽኛል።»

«ታዲያ እኔ ማን ነኝ? ንገሩኝ! ሁላችሁም የምታውቁት ነገር አለ፤ ንገሩኝ!»

ወንበሮቹ ተያዩ። ወንበር የተቀመጠባቸው ሰዎች ተያዩ። «አንተ ንገራት።» «አይ፣ አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል።» «ትልቅ ሰው ይንገራት።» «ኧረ ቁርስ ሳትበላ አይነገራትም!» ተባባሉ። ጠረጴዛው ከታች በኩል መንኳኳት ጀመረ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ነቃች። የሚንኳኳው የግቢዋ በር ነው። ጎህ ገና መቅደዱ ነበር። ሹራብ ደርባ፣ ልቧ ከሕልሙ ሳይመለስ ወጥታ ከፈተች።

በሩ ላይ ናሆም ቆሟል። ከጎኑ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ከኋላቸው አቶ ፋንታሁን፤ ፀጉራቸው እንደ ወትሮው ሽበት ነው። ሦስቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ምነው በማለዳ?» አለች ትርሲት።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ግቢ እስቲ የኔ ልጅ። ቁጭ በዪ። ቁርስ ቀምሰሻል?»

እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሐበሻ ቀሪውን አይጠይቅም። ትርሲት መሬት ላይ ተዘረረች። «እናቴን!» አለች። «እናቴን! ኡ ኡ ኡ! እማዬን!»

ኡኡታ ሰምቶ የሚተኛ ሰፈር የለም። ግቢው ውስጥ ባንድ ጊዜ ሰው ሞላ። ማንም እንዳልሞተ ጠንቅቀው የሚያውቁት ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንኳ አምና የቀበሩት ባላቸው ትዝ ብሏቸው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። አቶ ፋንታሁን ሌሊት ላይ «ለትርሲት የምንነግራት ክፉ ነገር ስላለ አብረውን ይግቡ» ከመባላቸው በቀር የሚያውቁት ነገር የለም፤ ኃላፊነታቸውን ያውቃሉና ሲመጡ የዕድሩን ድንኳን አስጭነው ነው። ምሰሶው መተከል ጀመረ።

«አልሞቱም!» እያለ ይጮኻል ናሆም በሰው መሐል። «ማንም አልሞተም! ሥራዋ ነው! ሥራ!»

«አይ ልጅ፣ ሐዘኑ ጭንቅላቱን ነካው» አለች አንዲት ጎረቤት።

በመጨረሻ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ጆሮዋ ሥር ጮኸ። «ትርሲት! እናትሽ ደህና ናቸው! የታጠፈው ያንቺ ቦታ ነው!»

ለቅሶዋን ገታች። «ምን?»

«የማርኬቲንግ ኃላፊነት ተዘግቷል። ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን አንደበት ይሠራዋል።»

«እናቴ ደህና ናት?»

«እኔ እናትሽን አላውቃቸውም እንኳ!»

ተነሥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጉንጩን አገላብጣ ሳመችው። «እግዜር ይስጥልኝ! ውለታህን እግዜር ይክፈልህ!» አለችው። ናሆም ብዙ ሰው አሰናብቷል፤ እንዲህ ያመሰገነው ግን አልነበረም።

ትንፋሽዋ ሲመለስ ግን ጥያቄ መጣ። «ታዲያ ነጠላው ምንድን ነው? በጎህ መምጣቱስ?»

ናሆም ተሽኮረመመ። «ባለፈው የሒሳብ ክፍል ሠራተኞቹን በስልክ መልእክት ብናሰናብት ከተማው ሁሉ ሰደበን። ያንቺ እንኳ በወጉ ይሁን ብለን አንደበትን ጠየቅነው። ለሰው ክፉ ወሬ እንዴት ይነገራል አልነው።»

«ምን አላችሁ?»

«በስልክ አይነገርም አለን» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በጎህ ሂዱ፤ ትልቅ ሰው ያዙ፤ ነጠላ አዘቅዝቁ፤ እህል መቅመሷን ሳታረጋግጡ እንዳትናገሩ አለን። ኧረ ደስ የሚል አነጋገር አለው።»

አነጋገሩ የትርሲት የራሷ ነበር፤ ከቃሉ አንድ አልጎደለም። አምና አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያስተማረችው ነው። መርዶ የሚነገረው ለሞት ብቻ መሆኑን ግን አልነገረችውም። ይህንን ማን ያጣዋል ብላ ነበር።

«ተሳሳተ እንዴ?» አለ ናሆም።

ትርሲት አየችው። ቀልዶ አይደለም፤ የምር ነው የጠየቃት። ሳቋ መጣ፤ ሳቁን ተከትሎ ደግሞ እንባዋ መጣ። ሰው ላይ አልተናደደችም። ያን ሁሉ ጊዜ ከዘመን ጋር ስትሮጥ የኖረች ሴት በገዛ ቃሏ መሰናበቷ አንጀቷን ቆረጠው። አላውቅም፣ እኔ ብሆን ያን እሱን ሳስተምር የቀዘቀዘብኝን ሻይ ነበር የምረግመው።

ሰው ግን አልተበተነም። አቶ ፋንታሁን «የተተከለ ድንኳን ሳይዋልበት አይነቀልም። እንጀራ ማጣትም ሞት ነው» ብለው ፈረዱና ወንበር ተደረደረ። ዘግይቶ የደረሰ አንድ ጎረቤት ካፖርቱን እየቆለፈ ጠጋ አለ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«የማርኬቲንግ ኃላፊዋ።»

«ነፍስ ይማር። ታማ ነበር?»

«ኧረ ድንገት ነው።»

ትርሲት ከድንኳኑ ሥር እንደ ሐዘንተኛ ተቀምጣ ይህን ስትሰማ ስልኳ ጮኸ። ከአሰላ ነው።

«ልጄ፣ እንዴት አደርሽ? በማለዳ የደወልኩት ስለ ቀጠሮሽ ብዬ ነው። ዛሬ ነው አይደል ያንን ነገርሽን የሚያጸድቁልሽ? ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ሻሼን አስሬ ማኅበሩ ቤት እስክሄድ ቸኩያለሁ፤ እስቲ ምን አሉሽ?»

ትርሲት አፏን ከፈተች። ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራዋ ቃል ነበር፤ ሳሙናም፣ ሎተሪም፣ አፕሊኬሽንም በቃል ሸጣለች። አሁን ለገዛ እናቷ የሚሆን አንድ ቃል ፈልጋ አጣች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያታል።

«እማዬ» አለች በመጨረሻ፤ «ቁርስ በልተሻል?»

ከአሰላ የተሰማው ኡኡታ ገና የድንኳኑን ጫፍ የሚወጥሩትን ሰዎች እንኳ ገመዱን አስጣላቸው።